ሰባት ፍሬ ሽምብራ

«ተረት ተረት!»

«አለን ከጓዳ እስከ በረት!»

ኧረ ምነው! ድምፃችሁ ከጉድጓድ የሚወጣ መሰለ። ሽምብራውን ፈልፍሉ አልኳችሁ እንጂ ጨርሱት አልኳችሁ? አፋችሁን ባዶ አድርጉና መልሱልኝ። ተረት ተረት!

«አለን ከጓዳ እስከ በረት!»

ተባረኩ፣ እንዲያ ነው። ስንዱ፣ አንቺም ወዲህ ቀረብ በይ። እርጉዝ ሴት ነፋስ መግቢያ ላይ አትቀመጥም። አስናቀ፣ ለልጅህ ከጎንህ ቦታ ልቀቅላት። አባቷ አይደለህም እንዴ? ያ በግ ደግሞ ምን ሆኖ ነው ከመጣ ጀምሮ የሚጮኸው? የስንዱ ባል ለዕርቅ ብሎ የሰደደው በግ ነው፣ ልጆች፣ አትፍሩት። ነገ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ይታረዳል፤ ያኔ ዝም ይላል። እኛ ተረታችንን እንያዝ።

በድሮ ዘመን ነው። ዝግባ አፋፍ በሚባል አገር ጓንጉል የሚባል ገበሬ ነበረ። ሠርቶ አይደክምም። የሰው ወሰን አይገፋም። የጎረቤት ከብት አዝመራው ውስጥ ቢገባ በዱላ አይመታም፣ በፉጨት ነው የሚያወጣው። ሽማግሌ ሲያይ ከበቅሎው ይወርዳል። ሰው የሞተ እንደሆነ መቃብር ሊቆፍር ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው። አገሩም፦ «ወንድ ልጅ ከወለዱ አይቀር እንደ ጓንጉል ነው!» ይል ነበር።

ሚስቱ ወለላ ትባላለች። ከወንዙ ማዶ ነው የመጣችው፤ የአያ ሰጥአርጌ ልጅ ናት። ስትመጣ ሳቂታ ነበረች። ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ ሳቋ ከላይ ከማሳው ድረስ ይሰማ ነበር። ከዚያም ዓመት ሳይሞላ ሳቁ ጠፋ። ሰውም፦ «ትዳር አረጋት፣ ጨዋ ሆነች» አለ። ወይ ሰው! ዝም ያለች ሴት ሁሉ ጨዋ ትመስለዋለች።

ነገሩ ግን ወዲህ ነው። «የውጭ አልጋ፣ የቤት ቀጋ» ሲባል አልሰማችሁም? ጓንጉል እንደዚያ ነበረ። ውጭ ደግ ሆኖ የዋለው ሰው በሩን አልፎ ሲገባ ሌላ ሰው ይሆናል። ወጡ ጨው አነሰው፣ ጥፊ። ወንድሟ ሊጠይቃት መጥቶ ዋለ፣ እርግጫ። ዝም ስትል፦ «ንቀሽኝ ነው» ይላታል። ስትመልስለት፦ «አፍሽ ረዘመ» ይላታል። እንግዲህ ምን ትሁን? ሞቶ መነሣት አይቻል።

መጀመሪያ የመታት ቀን ልጅ ይዛ ነበር። አምስተኛ ወሯ ነው። ስለ ምን መሰላችሁ? ደክሟት ተኝታ እግሩን ሳታጥበው ስለ ቀረች ነው። ማታ ማታ የምታጥበው እግር ነው፤ በዚያው እግሩ ሆዷን መታት። በሦስተኛው ቀን ፅንሱ ወረደ።

ጎረቤት ተሰበሰበ። ወለላም ምንም አልተናገረች። ያን ጊዜ በአገሩ የምታዋልድ አንዲት ባልቴት ነበረች፣ ዘርትሁን የምትባል። የዝግባ አፋፍን ልጅ በሙሉ በእጇ የተቀበለች ናት። ዓይኗን ሞራ ጋርዶት አጥርታ አታይም። እጇ ግን ያያል ይባል ነበር። ዘርትሁን መጣችና ወለላን ዳሰሰቻት፣ የወረደውንም በጨርቅ ጠቀለለችው። ከዚያም ራሷን ነቀነቀችና፦ «ሾተላይ ነው» አለች።

ሾተላይ ታውቃላችሁ? እናንተማ ከየት ታውቃላችሁ! ሾተላይ ማለት ከእናት ሆድና ከእናት ጡት ላይ ልጅ የሚነጥቅ ክፉ መንፈስ ነው ይሉ ነበር። ልጅ አልበረክት ያላት ሴት «ሾተላይ አለባት» ትባላለች። ያቺን ቃል ያወጣችው ዘርትሁን ናት። ልብ በሉልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

ጓንጉልም አለቀሰ። የውሸት አይደለም። ደረቱን እየደቃ፣ እውነተኛ እንባ አለቀሰ። ከባዱ ነገር ይሄ ነው፣ ልጆቼ። የሚመታ ሰው አያለቅስም ያላችሁ ማነው? ያለቅሳል እንጂ። እንባው ሲደርቅ ደግሞ ይመታል።

ወለላ ትንሽ ሲሻላት ተነሣችና ወንዙን ተሻግራ አባቷ ቤት ገባች። እናቷ ሞታለች። አባቷንም፦ «አባዬ፣ ይመታኛል» አለችው። አያ ሰጥአርጌ ክፉ ሰው አልነበረም። ልጁን ይወዳል። ግን ሦስት ቀን ሳይሞላ ጓንጉል ሽማግሌ ይዞ፣ የሰባ በግ እየጎተተ መጣ። ድንጋይ ተሸክሞ ከበሩ ላይ ተንበረከከ። ሽማግሌዎቹም፦ «ባልና ሚስት ከአንድ ወንዝ ይቀዳል። እንኳን ሰው፣ ዕቃም ይጋጫል» አሉ። በጉ ታረደ፣ ተበላ፣ ተመረቀ። አያ ሰጥአርጌም፦ «ልጄ፣ እንግዲህ ቤትሽ እዚያ ነው» አላትና እስከ ወንዙ ሸኛት።

ዝም በል አንተ በግ! ሰው እያወራ ነው።

ከዚያም ወለላ ዳግመኛ አረገዘች። አሁንማ አገሩ ሁሉ ሾተላይን ሊጠብቅ ተነሣ። ጓንጉል ሦስት ቀን በእግሩ ሄዶ ከታወቀ ደብተራ ክታብ አስጽፎ መጣ። በአንገቷም አሰረላት። ጥቁር ፍየል ታረደ። ሾተላይ ብረት ይፈራል ይባላልና፣ ጓንጉል አንድ ቢላዋ በገዛ እጁ ሞርዶ፣ አብለጭልጮ፣ ከትራሷ ሥር አኖረው። ምሽት ሲሆን በሩን የሚቀረቅረው እሱ ነው። ሴቶቹም፦ «ታድለሽ! እንዲህ ያለ ባል ለማን ተሰጠ!» ይሏት ነበር።

በስምንተኛው ወሯ ገፈተራት። ከመድረኩ ላይ በሆዷ ወደቀች። ስለ ምን እንደሆነ እንኳ አላስታውሰውም። እሱም አያስታውሰው። ልጁ ያለ ቀኑ ተወለደ። ወንድ ነው። ሁለት ቀን አለቀሰ፣ በሦስተኛው ቀን ዝም አለ። ክርስትና ስላልተነሣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጪ፣ ከወይራው ሥር፣ ከፊተኛው ፅንስ ጎን ተቀበረ። ሁለት ትናንሽ የድንጋይ ክምር ሆነ።

ያን ቀን ዘርትሁን ወለላን ለብ ባለ ውኃ ስታጥባት እጇ ጀርባዋ ላይ ቆመ። ሰንበር አገኘ። አንድ አይደለም፣ አራት አምስት ሰንበር። እጇ አየ፤ አፏ ግን አልተናገረም። «የሰው ትዳር ነው፣ ምን አገባኝ» አለችና ውኃውን አፈሰሰችበት። ስትወጣም ሰው ሲጠይቃት፦ «ሾተላይ ነው» አለች። ሁለተኛ ጊዜ አለችው። እግዜር ይይላት! ኋላ ግን እሷም ለራሷ ይቅር አላለችም።

ወለላ አሁንም ወንዙን ተሻገረች። አሁንም ሽማግሌ መጣ። አሁንም በግ መጣ። አያ ሰጥአርጌም ሁለተኛ ጊዜ እስከ ወንዙ ሸኛት። ሦስተኛ ስታረግዝ ግን ወለላ የትም አልሄደች። ወዴት ትሂድ? መንገዱ የት እንደሚያደርስ አወቀችዋ!

አያለሁ፣ ስንዱ፣ ነጠላሽን እንደምትጎትቺ። ብርድ ከሆነ ወደኔ ጠጋ በይ። እቀጥላለሁ።

ስድስተኛ ወሯ ሲገባ ዘርትሁን ሆዷን በቅቤ ልታሻት መጣች። ጓንጉል እርሻ ውሏል። አማቷም ከበሩ ላይ ሆና ምስር ትለቅማለች። ዘርትሁን ወለላን ከመደቡ ላይ አስተኛቻትና ማሸት ጀመረች። ከሆዷ ወደ ጎኗ፣ ከጎኗ ወደ ወገቧ። ከዚያም እጇ ቆመ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፦

«ይህ ምንድነው?» አለቻት።

«በር መታኝ፣ እሜቴ።»

«በር ጣት የለውም፣ ልጄ።»

ወለላ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። ከዚያም፦ «እሜቴ፣ ለኔስ ግድ የለም። እኔ ተስፋ የቆረጥኩ ሰው ነኝ። ይህ ልጅ ብቻ ይትረፍልኝ። ይህ አንድ ልጅ ብቻ!» አለች።

ዘርትሁን እጇን ሳታነሣ፦ «ሾተላይ ብዬ ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ስም አውጥቼ ሸሸግሁት። ሁለቱን ልጆችሽን እኔም ነኝ የቀበርኳቸው» አለች።

ዘርትሁን ወደ ቤቷ ስትሄድ ነገሩን አወጣች አወረደች። «እሪ ብል ሽማግሌ ይመጣል። ሽማግሌ ሲመጣ በግ ይመጣል። በግ ሲመጣ ይታረቃሉ» አለች። «የዚህ አገር ሰው ሚስቱን የሚመታ ባል አይፈራም። ሾተላይን ግን ይፈራል። እንግዲያው በሚፈሩት በር ልግባ።»

በድሮ ጊዜ ልጅ የማይበረክትለት ሰው ልጁን ይሸጥ ነበር። ኧረ አትደንግጡ፣ የእውነት ገበያ አይደለም! ለዘመድ ወይም ለጎረቤት «ሸጥኩልህ» ይባላል። ሾተላይ «የእገሌ ልጅ የታለ?» ብሎ ሲመጣ፣ «እገሌ ልጅ የለውም፣ የሌላ ሰው ነው» ይባላል። እሱም ተታሎ ባዶ እጁን ይመለሳል። ልጁ እዚያው ወላጆቹ ቤት ያድጋል። የዚያ አገር ሰው እንዲህ ያምን ነበር።

ዘርትሁንም ጓንጉልን፦ «ልጅህ እንዲተርፍልህ ከፈለግህ ገና ሆድ ውስጥ ሳለ ሽጥልኝ። ሰባት ሽማግሌ ይመስክር። አንዱ የሚስትህ አባት ይሁን» አለችው። ጓንጉል ልጅ ይፈልግ ነበር። ሲበዛ ይፈልግ ነበር። ዕለቱን ሽማግሌ ጠራ። አያ ሰጥአርጌም ወንዙን ተሻግሮ መጣ። ዘርትሁን ዋጋ ይሁን ብላ በመዳፏ ሰባት ፍሬ የተቆላ ሽምብራ ይዛ ቀረበች። ጓንጉል ከመዳፏ አንድ አንድ እያነሣ ሰባቱንም በላ። ከዚያም ቆሞ፦ «ሸጫለሁ። ከዛሬ ወዲያ ልጁ የዘርትሁን ነው። የኔ ነው ብል መሬት አትቀበለኝ» አለ። ሽማግሌዎቹም፦ «ሰምተናል» አሉ።

ሰው ሲበተን ዘርትሁን ወለላን ወደ ጓዳ ጠራቻት። ክንዷን ያዘችና፦ «ስሚኝ። ልጁ አሁን የኔ ነው። አንቺ የኔን አደራ የያዝሽ ነሽ። እጁን የሰነዘረ ቀን ሳትውዪ ሳታድሪ አደራዬን ይዘሽ ደጄ ድረሺ። ባሌን ጥዬ ኮበለልኩ አትበይ። የሰው አደራ ላደርስ ነው የምሄደው በይ» አለቻት። ወለላ ለራሷ ብላ መውጣት አትችልም ነበር፤ ነውር ነው ተብላ ነው ያደገችው። አደራ ማድረስ ግን ነውር አይደለም። ነገሩ ልቧ ውስጥ ገባ።

ከዚያም ዘርትሁን በየጠዋቱ ትመጣ ጀመር። «አደራዬን ልይ» ብላ ትገባለች፣ ሆዷን ትዳስሳለች፣ ጀርባዋንም ትዳስሳለች፣ ትሄዳለች። ጓንጉልም ወንበር ያቀርብላታል፣ ይስቃል። ሦስት ወር ሙሉ እጁን አልሰነዘረም። ወለላም፦ «ተሻለው መሰለኝ» ማለት ጀመረች። አወይ ተስፋ! ስንቷን ሴት ከመሬት ጋር የሰፋት መርፌ እሱ ነው።

ቀኗ ደረሰ። ምጥ ያዛት። ሴቶቹ «ማርያም፣ ማርያም» ሲሉ ዋሉ። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ልጅ መጣ፣ ሴት ልጅ፣ ሙሉ ጤነኛ፣ ድምፅዋ ቤቱን የሚሰነጥቅ። እልል ተባለ። ገንፎው ተበላ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» ተባለ። ዘርትሁን ቢላዋውን በእጇ ፈትሻ ከትራስጌው አኖረችና፦ «አራስ ያለ ብረት ከደጅ አትወጣም። ብትወጪ ብረቱን ይዘሽ ውጪ» አለቻት። ከዚያም የልጅቷን ስም ሽጤ አለችው፤ ተሸጣለቻ።

አሥራ አንድ ቀን ጓንጉል መልካም ሰው ሆኖ ከረመ። ልጅቷን እያየ ይስቃል፣ ለወለላ ሙቅ ይቀዳላታል። በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከእርሻ ተርቦ ገባ። ወለላ ልጅቷን እያጠባች ነበር። «ምሳ!» አላት። «ትጥገብልኝና ልነሣ» አለችው። ይኼው ነው ያለችው። «ከኔ እሷ ቀደመች?» አለና በእጁ ጀርባ ፊቷን መታት። ልጅቷ እቅፏ ውስጥ ነበረች። ደግሞም ትከሻዋን መታት። ከዚያም የቀረ ቂጣ አንሥቶ እየበላ ወጥቶ ሄደ። በሬዎቹን እንኳ አልገረፋቸውም፤ «ና የኔ አንበሳ» እያለ አባብሎ ነው የነዳቸው።

ወለላ ራሷን አላየችም። ልጅቷን አየች። የጣቱ ጫፍ ጨርፏት ጉንጯ ላይ ቀይ መስመር ወጥቷል። አሥራ ሁለት ቀን ነው ይህን ዓለም ካየች። «አደራዬ» አለች ወለላ። ተነሣች። ልጅቷን በነጠላዋ አቀፈቻት። ከትራስጌዋ ቢላዋውን አነሣች። ወደ በሩ ሄደች።

በሩ ላይ አማቷ ተቀምጣለች፣ እግሯን በመድረኩ ላይ ዘርግታ ምስር እየለቀመች። የጓንጉል እናት ናት እንግዲህ። ቀና ብላ፦

«ወዴት ነው? አራስ አይደለሽም? ሰማንያ ቀንሽ መች ሞላ?» አለቻት።

ወለላም፦ «የሰው አደራ ላደርስ ነው፣ እማማ» አለች።

አማቷ የልጅቷን ጉንጭ አየች። ቆይታ አየችው። እሷም በዘመኗ የጓንጉልን አባት አግብታ አራት ልጅ ቀብራለች። የአራቱም ገዳይ ሾተላይ ነው ተብሎላታል። ምስሩን ከጭኗ ላይ አራገፈች። ከዚያም፦

«ብረቱን ይዘሻል?» አለቻት።

«ይዣለሁ።»

አሮጊቷ እግሯን ሰበሰበችና መንገዱን ለቀቀችላት።

ሰው «እንደ አራስ ነብር» ሲል ትሰማላችሁ። ወለላ ነብር አልነበረችም። እየተንቀጠቀጠች ነው የሄደችው። አውድማው ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ቆሞ አያት። አራስ በቀን፣ ብረት ይዛ፣ ልጅ አቅፋ! ማንም ወዴት ነሽ አላላትም። ብረት የያዘች አራስ ትፈራለች። ዘርትሁን ቤት ደርሳ ከመድረኩ ላይ ቁጭ አለችና፦ «እሜቴ፣ አደራዎን ተቀበሉኝ» አለች። ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሰችው።

በማግስቱ ጓንጉል ሰባቱን ሽማግሌዎች አስከትሎ መጣ። አያ ሰጥአርጌም አብሮ አለ። እንደ ልማዱ የሰባ በግ እየጎተተ ነው የመጣው። ዘርትሁን ከደጇ ቆማ፦ «እዚህ አንቀመጥም። ከወይራው ሥር እንሂድ» አለች። ሄዱ። ሽማግሌዎቹ ከሁለቱ የድንጋይ ክምሮች አጠገብ ተቀመጡ። ወለላም ልጇን አቅፋ ቢላዋውን ጭኗ ላይ አኖረች።

ጓንጉል ተነሣና፦ «አባቶቼ፣ ሚስቴና ልጄ ይመለሱልኝ። ያጣላን ሰይጣን ነው። ይኸው ለዕርቅ በግ አምጥቻለሁ» አለ።

ዘርትሁንም፦ «የማን ልጅ?» አለችው።

«የኔ ናት።»

«ሽምብራውን የበላው ማነው?»

አንዱ ሽማግሌ፦ «እውነት ነው፣ ሸጧል፣ ሰምተናል» አለ። ሌላው ግን፦ «ለሾተላይ ተብሎ ነው እንጂ የምር ሽያጭ ነው እንዴ? ልጅ ከአባቱ ቤት ያድጋል» አለ።

«ለሾተላይ ከሆነ ደግ» አለች ዘርትሁን። «እንግዲያው ስለ ሾተላዩ እናውራ። ብረት ይፈራል ብለን ነበር። ብረቱን የሞረደው ማነው? ጓንጉል። ክታቡን ያስጻፈው ማነው? ጓንጉል። በሩን የሚቀረቅረው ማነው? ጓንጉል። እኛ ከውጭ ይመጣል ብለን በር ስንጠብቅ፣ እሱ ከውስጥ ቁጭ ብሎ እራቱን ይበላ ነበር። ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ። እጄ ያየውን አፌ ሸሸገው። በእነዚህ በሁለቱ ፊት ጥፋተኛ ነኝ።» እንዲህ አለችና ተንበርክካ ክምሮቹን አንድ አንድ ዳሰሰቻቸው።

ጓንጉል ጮኸ፦ «ውሸት ነው! ትዳሬን ልታፈርስ ነው! ወድቃ ነው፣ ሁልጊዜ ትወድቃለች!»

ዘርትሁን ወደ አያ ሰጥአርጌ ዞራ፦ «ዓይንህን ጨፍን። እጅህን ስጠኝ። ዛሬ እንደኔ እይ» አለችው። እጁን ይዛ ከወለላ ነጠላ ሥር፣ ከትከሻዋ በታች አኖረችው። ሽማግሌው እጁን አንቀሳቀሰ። ቆመ። ደግሞ አንቀሳቀሰ። ዓይኑ እንደ ተጨፈነ እንባው ጢሙ ላይ ወረደ።

«አምስት ጣት ነው» አለ። ቀጥሎም ዓይኑን ገለጠና ክምሮቹን አያቸው። «ሁለት ጊዜ መጥታ ነግራኛለች። ሁለት ጊዜ እስከ ወንዙ ሸኘኋት። ሁለት በግ በላሁ፤ ይኸው ሁለት መቃብር!» አለ። «ከእንግዲህ የዚህ ሰው በግ በአፌ አይገባም። ልጄ ሆይ፣ በዳይሽ አባትሽ ነው።»

ከሰባቱ ሽማግሌዎች ቢያንስ ስድስቱ ቤታቸው ውስጥ ያለውን ነገር ሳያስቡ አልቀሩም፣ እኔ ልንገራችሁ። ከዚያም ታላቁ ተነሥቶ ፈረደ፦ «ልጅቷ የዘርትሁን ናት። የምትጠባ ልጅ ከእናቷ አትለይም። ወለላ ከልጇ ጋር ትቀመጥ፤ ድርሻዋም ከጓንጉል ጎተራና በረት ይውጣላት። ልጅቷ ጡት ስትጥል ወለላ ራሷ ትጠየቅ፤ ማንም አይምረጥላት። ጓንጉል የዘርትሁንን ደጅ ቢረግጥ ሰባታችንንም ረገጠን ማለት ነው።» በጉንም ፈትተው መለሱለት። ጓንጉል ከአንዱ ክምር ወደ አንዱ እያየ እዚያው ቆሞ ቀረ። መቃብር ሊቆፍር የሚቀድመው እሱ አልነበር? እነዚያንም የቆፈረው እሱ ነበር።

ምን አልክ አንተ? «ከዚያ ወዲህ ጓንጉል ደግ ሆነ?» እኔ እንጃ። ደግ ሆነ ሲባል አልሰማሁም፣ ዋሽቼ ምን ላገኝ? ማረሱን አረሰ፣ አረጀ፣ ሞተ። ወለላ ግን ልጅቷ ጡት ስትጥል ተጠየቀችና፦ «እዚሁ ነኝ» አለች። ከዘርትሁን ማዋለድ ተማረች። ዘርትሁን ስታርፍ በሷ ቦታ ተተካች። እርጉዝ ልታሽ ስትገባ አስቀድማ ጀርባ ትዳስስ ነበር፤ ሆዱን ኋላ ነው። ጀርባ ሳይዳሰስ «ሾተላይ» የሚል ሰው በዚያ አገር ዳግመኛ አልተሰማም። እያደርም ሳቋ ተመለሰ። እንደ ድሮው ከማሳ ድረስ የሚሰማ አይደለም፤ ግን ሳቅ ነው።

ልጅቷማ ምን ትሆናለች፣ አደገች። አገባች፣ ወለደች፣ የልጅ ልጅ አየች፣ ጥርሷ ረገፈ። እ? «ያንቺም ስም ሽጤ አይደለም ወይ፣ እማማ?» አርፈህ ሽምብራህን ፈልፍል፣ አንተ ልጅ።

በሉ እንግዲህ አልቋል። ተረቴን ለልጅ አውርሱ፣ እኔን ሽምብራ አጉርሱ! አምጡ፣ አምጡ፣ ለስላሳውን ምረጡልኝ፣ ድዴ ነው የሚያኝከው። ሽምብራ አልኩ እንጂ ሥጋ አላልኩም። ከዚያ በግ አንዲት ጉርሻ በአፌ አይዞርም።

ስንዱ፣ ነይ የኔ ልጅ፣ ጀርባሽን ስጪኝ። ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለም። አይዞሽ፣ እጄ ቀዝቃዛ ሆኖብሽ ነው። እ። እዚህም? እ። አልቅሺ፣ አልቅሺ፣ ከልካይ የለሽም። አስናቀ፣ ልጄ፣ እጅህን ወዲህ አምጣው። ዓይንህን ጨፍን።

ምነው እጅህ ቆመ?

ወዴት ነው የምትነሣው? ወደ በረቱ? በጉን ልትፈታው ነው? ሂድ፣ ፍታው፤ ማልደህ ለባሏ ወገን መልስላቸው። ገመዱንም እንዳትረሳ፣ እሱም የነሱ ነው።